ለከባድ ሞተር የኃይል ትራንዚስተር አገጣጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ በባትሪ የሚዞር ሞተር ከቀን ወደ ቀን እየበዛ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ታያላችሁ። የኤሌክትሪክ ባጃጅ አለ። በሶላር ውኃ የሚስብ ፓምፕ አለ። ሁሉም ውስጥ ኮንትሮለር የሚባል ሳጥን ይገኛል። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የሞተሩን ከረንት የሚያበሩና የሚያጠፉ የኃይል ትራንዚስተሮች ተደርድረዋል።

ኮንትሮለር ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚሞተው እነሱ ጋ ነው። አዲስ ይገዛል፣ ይቀየራል፣ በሳምንቱ ይቃጠላል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጂድ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ትራንዚስተሩ የሞተው በአገጣጠሙ ነው። የጥገና ቤት ልጆችና የፖሊ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

«110 አምፔር» የሚል ትራንዚስተር ገጥሜ በ30 አምፔር ለምን ተቃጠለ?

110 አምፔሩ የላብራቶሪ ቁጥር ስለሆነ ነው። የትራንዚስተሩ ጀርባ በሆነ ዘዴ 25 ዲግሪ ላይ ተይዞ ቢቆይ ቺፑ የሚሸከመውን ነው የሚነግራችሁ። ሥራ ላይ ያለ ትራንዚስተርን ጀርባ 25 ዲግሪ ላይ የሚይዝ ማንም የለም።

እኛ አገር ገበያ ላይ በብዛት የሚታየውን አይአርኤፍ 3205 እንውሰድ። ዳታሺቱን፣ ማለትም የፋብሪካውን የመረጃ ወረቀት፣ ዝቅ ብላችሁ ብታነቡ ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ማሸጊያው የሚችለው 75 አምፔር ብቻ ነው። ገና ከመጀመሪያው 35 አምፔር ሄደ ማለት ነው።

አሁን ያለ ምንም የሚያቀዘቅዝ ብረት በአየር ላይ አቁሙት። በእያንዳንዱ ዋት 62 ዲግሪ ይሞቃል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ቺፑ የመጨረሻው ወሰን የሆነው 175 ላይ እስኪደርስ የሚቀረው 150 ዲግሪ ነው። 150 ለ62 ሲካፈል 2.4 ዋት ይሆናል። የትራንዚስተሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ሲቀዘቅዝ 8 ሚሊ ኦም ነው፤ ሲግል እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። 16 እንበል። በ16 ሚሊ ኦም 2.4 ዋት የሚያመነጨው ከረንት 12 አምፔር ገደማ ነው።

110 የተባለው ዕቃ ያለ ብረት 12 ላይ አለቀ። በ12ና በ75 መካከል ያለውን ሰፊ ሜዳ የሚወስነው የእናንተ እጅ ነው፤ ብረቱ፣ በብረቱና በትራንዚስተሩ መሐል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት፣ ቪቲውና መዳቡ።

ስንት ዋት ሙቀት እንደሚወጣ እንዴት ላስላ?

ከረንቱን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በሬዚስታንሱ አባዙት። አይአርኤፍቢ 4110 የሚባለው ሌላ ትራንዚስተር ቢበዛ 4.5 ሚሊ ኦም ነው። ሲሞቅ 7.5 ገደማ ይደርሳል። 30 አምፔር ቢያልፍበት 30 ሲባዛ 30 ሲባዛ 0.0075፣ 6.75 ዋት ይወጣል። በዚህ ላይ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ የሚባክን አለ። ለዚያ 3 ዋት ገደማ ጨምሩበት፤ አንዱ ትራንዚስተር 10 ዋት ያወጣል ብላችሁ ተነሱ።

ከዚያ ሙቀቱ የሚሄድበትን መንገድ ደምሩ። ከቺፑ እስከ ጀርባው 0.4 ዲግሪ በዋት። ሚካ፣ ማለትም ሙቀት እያሳለፈ ኤሌክትሪክ የሚከለክለው ስስ ቅጠል፣ ከነፔስቱ 1 ገደማ። ቀጥሎ ሂትሲንኩ፣ ማለትም የሚያቀዘቅዘው ባለ ክንፍ ብረት፣ ራሱ አለ። አራት ትራንዚስተር ባለ 1 ዲግሪ በዋት ሂትሲንክ ላይ ቢቀመጡ 40 ዋቱ ሂትሲንኩን በ40 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል። የእያንዳንዱ ትራንዚስተር የራሱ መንገድ 14 ዲግሪ ይጨምራል። አየሩ 30 ከሆነ ቺፑ 84 ዲግሪ ላይ ነው። ጥሩ ነው፣ ዕድሜ አለው።

ያንኑ ሥራ ወፍራም የጎማ ፓድ አድርጋችሁ፣ ቪቲውን በደንብ ሳታጠብቁ ብትሠሩትስ? ፓዱ ብቻውን 4 ዲግሪ በዋት ሊወስድ ይችላል። ቺፑ ወደ 114 ይወጣል። ሂትሲንኩን በእጃችሁ ብትነኩት ግን ልዩነቱን አታውቁትም፤ ሁለቱም ጋ ያው 70 ዲግሪ ነው። «ብረቱ ብዙም አልጋለም እኮ፣ ለምን ሞተ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ሂትሲንክ ከየት ላምጣ? ማንኛውም ብረት ይሆናል?

አሉሚኒየም ይሁን። ከተበላሸ ዩፒኤስ፣ ከአሮጌ አምፕሊፋየር፣ ከብየዳ ኢንቨርተር የሚወጣው በጣም ጥሩ ነው። በርና መስኮት የሚሠሩ ሰዎች ጋ የሚተርፈው ፕሮፋይል ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ለብስክሌት ቢበቃም ለባጃጅ አይሆንም። ትራንዚስተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ቢያንስ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ሙቀቱ ከትንሿ ጀርባ ወደ ሙሉው ብረት የሚሰራጨው በውፍረቱ በኩል ነው። የላሜራ ብረት ከአሉሚኒየም በብዙ እጥፍ ያነሰ ሙቀት ያሳልፋል፤ እሱን ተዉት።

ክንፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲቆሙ አድርጋችሁ ግጠሙት። የሞቀ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ክንፎቹ ከተጋደሙ አየሩ መሐላቸው ታፍኖ ይቀራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ቀዳዳ በትራፓኖ ስትበሱ ዙሪያውን የሚነሳ ስስ የአሉሚኒየም ከንፈር አለ። በዓይን አይታይም፣ ጥፍር ስታሳልፉበት ግን ይይዛል። ያ ከንፈር ትራንዚስተሩን ከብረቱ ያነሳዋል፤ ሚካ ካለ ደግሞ ይበሳዋል። ከቀዳዳው የሚሰፋ የትራፓኖ ምላስ በእጃችሁ ይዛችሁ ሁለት ሦስቴ አዙሩበት፣ ይጠፋል። ከዚያ የመስኮት መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርጉና ብረቱን ገልብጣችሁ ክብ ክብ እያዞራችሁ ፈትጉት። መስታወቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ብረቱንም ያስተካክለዋል። ሲያልቅ የማስመሪያ ጠርዝ አቁሙበትና ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ። ከሥሩ ብርሃን ካላሳለፈ በቂ ነው። ቀለም የተቀባ ከሆነ ትራንዚስተሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለው ቀለም ይፋቅ። በመጨረሻ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉት።

ፔስት ስንት ልቀባ? በጥርስ ሳሙና መተካት ይቻላል?

ስስ። በጣም ስስ። የፔስት ሥራ ሁለቱ ብረቶች ያልተነካኩባትን ጭረት መሙላት ብቻ ነው። ብረት ለብረት የሚነካካበትን ቦታ መሸፈን የለበትም። እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር ሲያስሱት ሽፋኑ የማይታይ እስኪመስል ነው የሚያስሱት፤ ልኩ እንደዚያ ነው። ቪቲው ሲጠብቅ በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን መስመር ሆኖ ብቅ ካለ ልክ ነው። ተጨምቆ የሚፈስ ከሆነ በዝቷል።

የጥርስ ሳሙና አይሆንም። ውኃ አለበት፤ በሙቀት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሳይደርቅ በፊት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ ይችላል። የመኪና ግሪስም ሲግል ቀጥኖ ይፈሳል። ነጩ ተራ ፔስት ርካሽ ነው፣ አንድ ቱቦ ብዙ ሥራ ይሠራል። ብር መልክ ያለውን፣ ብናኝ ብረት ያለበትን ግን ትራንዚስተር እግር አጠገብ አትጠቀሙ።

ሚካ የግድ ነው?

አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ አይደለም። ይህን የለየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨረሰ።

ቲኦ 220 በሚባለው ባለ ሦስት እግር ማሸጊያ የሚመጣ የእነዚህ ትራንዚስተሮች የጀርባ ብረት ከመሐለኛው እግር ጋር አንድ ነው። ያ እግር ድሬን ይባላል፤ ከረንቱ የሚገባበት ነው። ስለዚህ ሁለት ትራንዚስተሮች አንድ ብረት ላይ ራቁታቸውን ከተቀመጡ ድሬናቸው ተገናኘ ማለት ነው። መገናኘት ካለባቸው ይገናኙ። ከሌለባቸው እሳት ነው።

ባለ ሦስት ሽቦ የባጃጅ ሞተርን እናስብ። ኮንትሮለሩ ሦስት የላይ፣ ሦስት የታች ትራንዚስተሮች አሉት። የላዮቹ ሦስቱም ድሬናቸው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ ነው። እነሱን አንድ የአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ያለ ሚካ፣ በፔስት ብቻ ማሰር ይቻላል። ሙቀቱ እጅግ በተሻለ መንገድ ይወጣል። ዘንጉ ግን ራሱ ባትሪ ፖዘቲቭ ስለሚሆን ከሳጥኑ ተነጥሎ መቆም አለበት። የታቾቹ ድሬናቸው ወደ ሦስቱ የሞተር ሽቦዎች ለየብቻ ነው የሚሄደው። እነሱን ራቁታቸውን አንድ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሚካ ያስፈልጋል።

ተራ ባለ ሁለት ሽቦ ሞተርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታዞሩ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ትራንዚስተሮች ድሬናቸው አንድ ነው። ሚካውን ተዉትና ሂትሲንኩን ከሳጥኑ ነጥሉት። ለፓምፕ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው።

የትኛው መለያ ይሻላል ለሚለው፣ ስስ ሚካ ከፔስት ጋር ጥሩ ነው፤ በሁለቱም ፊት ይቀባል። ነጭ የሴራሚክ ሰሌዳ ከሁሉም ይበልጣል፣ ግን ብረቱ ጎርባጣ ከሆነ ቪቲው ሲጠብቅ ይሰበራል። ግራጫ የሲሊኮን ጎማ ለመሥራት ቀላል ነው፣ ለትንሽ ዋት ይሁን፤ እሱ ላይ ፔስት አይቀባም። ወፍራሙ ለስላሳ ሰማያዊ ፓድ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። ከአሮጌ የልብስ ካውያ የሚወጣ ሚካም አለ። እንዳለ ሲገጠም ወፍራም ነው፣ በስለት ጫፍ ግን በቅጠል በቅጠል ይሰነጠቃል። ስንጥቅ ወይም ጭረት የሌለባትን ቅጠል ምረጡ።

ቪቲውን አትርሱ። ሚካ ከሥር አድርጋችሁ የብረት ቪቲ በቀዳዳው ካሳለፋችሁ ቪቲው ራሱ ድሬኑን ከብረቱ ጋር ያገናኘዋል። መሐል የምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት አለች። ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ታገኟታላችሁ። ትልቁ ቲኦ 247 ቀዳዳው በፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚያልፍ ቀለበት አይፈልግም። ጀርባው ግን አሁንም ድሬን ነው።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ፣ ሶልደር ከማድረጋችሁ በፊት፣ መልቲሜትሩን ከፍተኛው የኦም መለኪያ ላይ አድርጉና ከእያንዳንዱ መሐለኛ እግር ወደ ብረቱ ለኩ። ምንም ማንበብ የለበትም። ድምፅ በሚሰጠው ብቻ አትመኑ፤ ቀጭን የብረት ብናኝ በሚካው በኩል ትንሽ ስታሳልፍ ድምፁ ዝም ይላል፣ የኦም መለኪያው ግን ይናገራል።

ቪቲውን ምን ያህል ላጥብቀው?

ለቲኦ 220 በ3 ሚሊ ሜትር ቪቲ ከ0.5 እስከ 0.6 ኒውተን ሜትር ይበቃል። የብዙዎቹ ዳታሺት የመጨረሻ ወሰን 1.1 ነው። መለኪያ ለሌለው፣ ትንሽ ካቻቪቴ በሦስት ጣት ይዛችሁ መዞር እስኪያቅተው። በሙሉ ክንድ አታጥብቁ። ቪቲው ያለው በአንድ ጫፍ፣ ቺፑ ያለው በሌላው ጫፍ ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጀርባው ይጣመምና ቺፑ ያለበት ወገን ብድግ ይላል። ሙቀቱ የሚወጣው ደግሞ እዚያው ቦታ ነው።

ከቪቲው ራስ ሥር ጠፍጣፋ ሮንዴላ፣ ከዚያ የስፕሪንግ ሮንዴላ አድርጉ። በርከት ያሉ ትራንዚስተሮች ካሉ ከላይ አንድ ጠንካራ ዘንግ ጋድም አድርጎ ፕላስቲኩ ላይ መጫን ከሁሉም ይበልጣል። ግፊቱ ልክ ቺፑ ላይ ያርፋል። ጥሩ የፋብሪካ ኮንትሮለር ስትፈቱ የምታዩት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ሶልደር ነው ወይስ ቪቲ?

ቪቲ። ሁልጊዜ። መጀመሪያ ሶልደር አድርጋችሁ በኋላ በቪቲ ወደ ብረቱ ከሳባችሁት እግሮቹ ተወጥረው ይቀራሉ። በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይሳባሉ። ከወራት በኋላ ሶልደሩ ዙሪያውን ይሰነጠቃል፣ ወይም እግሩ ከሥሩ ይላላል። እግር ስታጥፉም ከሥሩ በፒንሳ ያዙትና ከፕላስቲኩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ እጠፉ።

ሁለት ትራንዚስተር ጎን ለጎን ማሠራት ይቻላል?

ሞስፌት ከሆነ፣ ማለትም እንደ 3205ና 4110 ያለ ዓይነት ከሆነ፣ ይቻላል፣ ይመከራልም። በቀዝቃዛው 4.5 ሚሊ ኦም ብናሰላ፣ 50 አምፔር በአንድ 4110 ሲያልፍ 11 ዋት ያወጣል። ለሁለት ሲካፈሉት እያንዳንዱ 2.8፣ በድምሩ 5.6 ዋት ብቻ ነው። ሞስፌት ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር አንዱ ከበዛበት ለጓደኛው ይለቃል። ግን ተቀራርበው አንድ ብረት ላይ ይቀመጡ፣ ወደ ሁለቱም የሚሄደው መዳብ እኩል ይሁን፣ እያንዳንዱ ጌት፣ ማለትም ትራንዚስተሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እግር፣ የራሱ 10 ኦም ገደማ ሬዚስተር ይኑረው። አንድ ሬዚስተር ለሁሉም ካደረጋችሁ ሲበሩና ሲጠፉ እርስ በርስ ይንቀጠቀጣሉ።

ሞስፌት ያልሆኑት አሮጌዎቹ፣ እንደ 2ኤን 3055 ያሉት፣ ተቃራኒ ናቸው። የሞቀው ይበልጥ ይስባል፣ ይበልጥ ይሞቃል፣ ይሞታል። ለእነሱ በእያንዳንዱ ኤሚተር (ከረንቱ የሚወጣበት እግር) ላይ 0.1 ኦም የሚሆን ሬዚስተር ይግባ።

ቦርዱ ላይ ያለው መስመር ይበቃል?

አይበቃም፣ በሒሳብ እንየው። ተራ ቦርድ ላይ ያለው መዳብ 35 ማይክሮን ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር 4.8 ሚሊ ኦም ይሆናል። ከትራንዚስተሩ ራሱ ይበልጣል! ውድ ትራንዚስተር ገዝታችሁ ከጎኑ ሌላ የማይታይ ምድጃ ለኮሳችሁ ማለት ነው። 60 አምፔር ቢያልፍበት 17 ዋት ነው፤ ቦርዱ ይጠቁራል፣ መስመሩ ይላጣል።

መስመሩ ላይ ቫርኒሹን ፋቁና 2.5 ወይም 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የቤት ሽቦ መዳብ አስተኝታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሶልደር አድርጉት። 10 ሴንቲ ሜትር የ2.5 ሽቦ 0.7 ሚሊ ኦም ብቻ ነው። ሶልደር ብቻ ማከማቸት ብዙም አይረዳም፤ ሶልደር ከመዳብ በብዙ እጥፍ የከፋ አስተላላፊ ነው። ካውያው 60 ዋትና ከዚያ በላይ ይሁን። በትንሽ ካውያ ረጅም ጊዜ ከማብሰል በትልቅ ካውያ ቶሎ መጨረስ ይሻላል።

የትራንዚስተሩን እግርም አሳጥሩት። ከረንቱ የሚያልፍባቸው ሁለቱ እግሮች ቀጫጭን ናቸው፣ ራሳቸው ይግላሉ። መዳቡ በተቻለ መጠን ወደ ፕላስቲኩ ይጠጋ።

ከባትሪው መግቢያ ላይ ያለው ካፓሲተር ከትራንዚስተሩ ራቅ ብሎ ቢሆን ምን ይሆናል?

ትራንዚስተሩ በቮልቴጅ ይሞታል። ሽቦ ሁሉ ኢንዳክታንስ አለው፤ ከረንት በድንገት ሲቆረጥ ቮልቴጅ የሚያዘልለው እሱ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ሽቦ 10 ናኖ ሄንሪ ገደማ አለው። ከካፓሲተሩ እስከ ትራንዚስተሩ ደርሶ የሚመለሰው ሽቦ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 100 ናኖ ሄንሪ ነው። 50 አምፔር በ100 ናኖ ሰከንድ ሲቆረጥ 50 ቮልት ከባትሪው በላይ ይዘላል። ባለ 48 ቮልት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ወደ 54 ይጠጋል። 104 ሆነ። 4110 የሚችለው 100 ነው።

ስለዚህ ካፓሲተሮቹ እግራቸው ከትራንዚስተሮቹ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ይሁኑ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ሽቦ ተጠጋግተው ይሂዱ። ባለ ሁለት ሽቦ ሞተርን በአንድ ትራንዚስተር የምትቆጣጠሩ ከሆነ በሞተሩ ላይ ፈጣን ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) የግድ ነው። ዳዮዱም ይሞቃል፣ እሱም ብረት ላይ ይታሰር።

ጌቱንስ በምን ልንዳ?

ከ10 እስከ 12 ቮልት። አርዱዊኖ ከሚባለው የመቆጣጠሪያ ቦርድ በሚወጣ 5 ቮልት በቀጥታ የሚነዳ ተራ ሞስፌት በግማሽ ነው የሚከፈተው፤ ግማሽ የተከፈተ ደግሞ ምድጃ ነው። ከጌት ወደ ሶርስ (ከረንቱ የሚወጣበት እግር) የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጉ፣ ከዚያ ቮልቴጁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድብ ባለ 15 ቮልት ዜነር ዳዮድ። የጌት ሽቦና የሶርስ መመለሻው አብረው ይጠምዘዙ፣ አጭርም ይሁኑ።

ፎርጂድ ትራንዚስተር በምን ይታወቃል?

ላይ ላዩን የሚታይ አለ። እግሩ ላይ አሮጌ ሶልደር ካለ ተነቅሎ የመጣ ነው። ጽሑፉ በአሴቶን ሲጠረግ ከለቀቀ በድጋሚ የተጻፈበት ነው። እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ልኬት ነው። የሚያስፈልገው 12 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖልና መልቲሜትር ብቻ ነው።

አምፖሉን ከባትሪ ፖዘቲቭ ወደ መሐለኛው እግር አገናኙ። ጽሑፉን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ስትይዙት በቀኝ ያለው እግር ሶርስ ነው፣ ወደ ባትሪ ኔጌቲቭ። በግራ ያለው ጌት በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ፖዘቲቭ። አምፖሉ ቦግ ይላል። 4.5 አምፔር ገደማ እያለፈ ነው። አሁን መልቲሜትሩን ሚሊ ቮልት ላይ አድርጉና ጫፎቹን መሐለኛውና ቀኙ እግር ላይ፣ ልክ ፕላስቲኩ ሥር አስነኩ።

እውነተኛ 4110 ከ17 እስከ 20 ሚሊ ቮልት ያነባል። እውነተኛ 3205 ከ36 ብዙም አይበልጥም። 4110 ተብሎ 80 ካነበበ ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽ ነው፤ አትግጠሙት። ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ገዝታችሁ በዚህ መንገድ ፈትሹ። ደህና ነጋዴ ራሱ ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል።

ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ብርድ ነው፤ ሂትሲንክ መቀነስ አይቻልም?

ብርዱ ይረዳል፣ ከፍታው ግን ይጎዳል። ሂትሲንክን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፣ አየሩ ደግሞ ከፍታ ላይ ይሳሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ሲሆን ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ያለ ፋን የሚሠራ ሂትሲንክ ከጻፉለት አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ያጣል። በዳታሺቱ ከተሰላው ጨመር አድርጋችሁ ግዙ።

ፓምፕ ደግሞ የሚሠራው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የጠዋቱ ብርድ ለእሱ አይደርሰውም። ሳጥኑን በሶላሩ ጥላ ሥር ስቀሉት። ወደ ደጀን የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ በጠዋት የተፈተነ ሥራ ለዓባይ በረሃ ማስረጃ አይሆንም፤ ታች ያለው ሙቀትና ወደ ላይ ያለው ዳገት አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

ክረምቱንና ኮብልስቶኑን እንዴት ይቋቋመዋል?

ሂትሲንኩ ከሳጥኑ ውጭ፣ ቦርዱ ውስጥ ይሁን። ሳጥኑ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሂትሲንክ የራሱን ሙቀት ነው የሚተነፍሰው። ሽቦዎቹ ከታች በኩል ይግቡ፣ ውኃ ሽቦውን ተከትሎ እንዳይገባ ከመግባታቸው በፊት ዝቅ ብለው ይታጠፉ። ቦርዱን ቫርኒሽ ቀቡት። እንደ ሆምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ግን አትጠቀሙ፤ እየደረቀ የሚያወጣው አሲድ መዳብ ይበላል። ሳጥኑን በሲሊኮን ሞልቶ መድፈንም ሙቀቱን ማፈን ነው፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝም መከራ ነው።

ለንዝረቱ፣ ትልልቅ ካፓሲተሮችን በማጣበቂያ ከቦርዱ ጋር ያዙ። በብሎን የሚታሰር የሽቦ ጫፍ በሶልደር አይነከር፤ ሶልደሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ሽቦው ይቆረጣል። በፒንሳ የሚጨመቅ ጫፍ ይሻላል።

ባጃጁ ቆሞ ጎማው በእጅ አልዞር አለ፤ ምንድን ነው?

ምናልባት ትራንዚስተር ነው። ሞስፌት ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ሳይሆን ተገናኝቶ ነው የሚሞተው። ባለ ሦስት ሽቦ ሞተር ላይ ያ ጎማውን እየያዘ እየለቀቀ ያስቸግረዋል። ሦስቱን የሞተር ሽቦዎች ከኮንትሮለሩ ንቀሉ። ጎማው ነፃ ከሆነ ችግሩ ኮንትሮለሩ ውስጥ ነው።

ባለ ሁለት ሽቦ ሞተር ላይ ግን ይበልጥ አደገኛ ነው። ትራንዚስተሩ ተገናኝቶ ሲሞት ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፤ ጋዙን ብትለቁም አይቆምም። ሰው የሚጭን ወይም እጅ የሚገባበት ማሽን ከሆነ ከባትሪው የሚቆርጥ፣ እጅ የሚደርስበት ማጥፊያ ሳታደርጉ አታስረክቡ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ስትቀይሩ ጎን ለጎን የሚሠሩትን ሁሉንም በአንድነት ቀይሩ። የተረፈ የሚመስለውም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጌቱን የሚነዳውንም ቺፕ ለኩ፤ ትራንዚስተሩ ሲሞት ብዙ ጊዜ እሱን ይዞት ይሄዳል።

መጀመሪያ ስከፍተው ምን ላድርግ?

ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። የሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ ብረት ያቀልጣል። በባትሪው ሽቦ ላይ ፊውዝ ይኑር፤ ለመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ በፊውዙ ፋንታ አምፖል በመሐል አስገቡ። ለ48 ቮልት ባለ 12 ቮልት አራት አምፖሎችን በተከታታይ። ቦግ ብሎ ከከሰመ ካፓሲተሩ እየሞላ ነበር፣ ጥሩ ነው። በርቶ ከቀረ የሆነ ቦታ ተገናኝቷል፣ ቶሎ ንቀሉ።

አምፖሉ ሲከስም ፊውዙን መልሱና ሞተሩን ያለ ጭነት አዙሩ። ከዚያ በግማሽ ጭነት። በየአምስት ደቂቃው አቁማችሁ፣ ባትሪውን ነቅላችሁ፣ የእያንዳንዱን ትራንዚስተር ፕላስቲክ በጣት ፈትሹ። አንዱ ከጎረቤቶቹ ለየት ብሎ ከጋለ ቪቲው፣ ሚካው ወይም ሶልደሩ ልክ አይደለም። በሙሉ ጭነት ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ይቀዝቅዝና ቪቲዎቹን እንደገና ሞክሩ። ፔስቱ በሙቀት ተጨምቆ ስለሚወጣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይዞራሉ።